ለመሄድ የመጣ ባለሙያ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት ኮንትራት ባለሙያዎችን በሚያሠራ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ጥቂት ዓመታት ደግሞ ራሴ በኮንትራት ሠርቻለሁ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ስለምትገኙ፣ ይህን የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው።

ኮንትራት ባለሙያ ማምጣት የቋሚ ሠራተኛውን ድክመት የሚያሳይ አይደለም። ኮር ባንኪንግ ሲስተሙን፣ ማለትም የደንበኞችን ሒሳብ የሚይዘውን ዋና ሲስተም፣ የሚቀይር ባንክ፣ የብዙ ዓመታት መዝገብ ከአሮጌው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር ሰው የሚያስፈልገው ምናልባት በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ባለሙያ በቋሚነት ቀጥሮ ማስቀመጥ ለድርጅቱ ከባድ ወጪ ይሆናል፤ ባለሙያውም ከልምዱ ይርቃል። እኔን ሲያሳስበኝ የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ ሊሄድ የመጣ ሰው፣ እንደማይሄድ ተቆጥሮ ሥራው ሁሉ በእሱ እጅ ብቻ መተው።

ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ድርጅት የቁጠባና የብድር ሒሳብ የሚይዝ ሲስተም በኮንትራት አሠርተን ነበር። የመጣው ባለሙያ ከውጭ አገር ሲሆን ችሎታው የሚያስመሰግን ነበር። ሥራው በጥርና በሚያዝያ ተፈተሸ፣ በሰኔ ተረከብን፣ እሱም አገሩ ገባ። ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ግን ሲስተሙ ደረሰኝ አልቀበልም አለ። ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን አያውቅም ነበር። ከእኛ መካከል ኮዱን ከፍቶ የሚያስተካክል ቀርቶ፣ ኮዱ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው እንኳ አልተገኘም። እነዚያን አምስት ቀናት ደረሰኝ በእጅ ስንጽፍ ሰነበትን፤ መስከረም ከገባም በኋላ የወለዱን ስሌት ለማረም ሳምንታት ፈጅቶብናል።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን ለሰውየው እሰጥ ነበር፤ አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። የሒሳብ ክፍላችን ኃላፊ የነበሩ አንዲት እናት በየዓመቱ የጳጉሜን ወለድ እንዴት እንደሚሰላ፣ በየአራት ዓመቱም ስድስተኛው ቀን ሲጨመር ምን እንደሚደረግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከባለሙያው ጋር አንድም ቀን ያገናኛቸው አልነበረም። በየድርጅቱ እንዲህ ያለ ዕውቀት ሞልቶአል፦ የአንድ ደንበኛ ስም በአንዱ መዝገብ በሀሌታው ሀ፣ በሌላው በሐመሩ ሐ ተጽፎ ይገኛል፤ በውጭ አገር ሲስተሞች የቤተሰብ ስም የሚባለው ቦታ ላይ እኛ የአባት ስም እንሞላለን፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው መስከረም ሳይሆን ሐምሌ 1 ነው። ይህን ሁሉ ኮንትራት ባለሙያው ከራሱ ሊያመጣው አይችልም። እሱ የሚያመጣው ሙያውን ነው፤ የቤቱን ጉዳይ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ስለሆነ፣ ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

ስለዚህ በድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኮንትራት ባለሙያ ከራሳችሁ ወገን አንድ ሰው በስም መድቡ፤ ይህም በቢጋሩ፣ ማለትም የሥራውን ዝርዝር በሚወስነው ሰነድ፣ ውስጥ ይጻፍ። የተመደበው ሰው ሌላ ሥራው ተቀንሶለት እንጂ ተደርቦበት አይሁን፤ ተደርቦበት ከሆነ ውሎ አድሮ ስብሰባ ላይ ብቻ የሚገኝ ሰው ይሆናል። ቢጋሩንም በጥድፊያ አትጻፉት። በጀት ሊዘጋ ሲል፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ብቻ ተብለው የተፈረሙ ውሎች ብዙ አይቻለሁ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ርክክብ የሚለው ቃል በአንድ መስመር ተጠቅሶ የታለፈ ነበር።

የሌሎችንም ልምድ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ የ5.2 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። መረጃው ራሱ ተዛውሮ ነበር፤ ሲስተሙ ግን ወዲያው ተናጋ፤ ብዙ ደንበኞችም ሒሳባቸውን መክፈት አቅቷቸው ሰነበቱ። ሥራውን የመራው ባንኩ ራሱ በሚገኝበት የኩባንያዎች ቡድን ሥር ያለ አቅራቢ ኩባንያ ሲሆን፣ እሱም በተራው ሌሎች በርካታ አቅራቢዎችን ያሠራ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በታኅሣሥ 2022 በባንኩ ላይ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቀድሞውን የቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ ከ81 ሺህ ፓውንድ በላይ ቀጡት፤ ምክንያቱም አቅራቢው ዝግጁ መሆኑን በበቂ ሁኔታ አላረጋገጠም ነበር። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ሥራን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ ተጠያቂነቱ ግን ከሰጪው ትከሻ አይወርድም።

አሁን በኮንትራት ለምትሠሩት ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። የዓመት ፈቃድም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ የላችሁም፤ ለቋሚ ሠራተኛ አሠሪው የሚያዋጣውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚከፍልላችሁም የለም። ዋጋችሁን ስትተምኑ ይህን አስቡ፤ ከቋሚ ሠራተኛው ደመወዝ ጋር በማነጻጸር ብቻ አትዋዋሉ። የኮዱንም ባለቤትነት ለግምት አትተዉት፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ስለሆነ፣ የማን እንደሚሆንና ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ኮድ) መቼ እንደሚሰጥ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

ከዚህ ሁሉ በላይ አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ተፈላጊ ሆናችሁ ለመቆየት ስትሉ ዕውቀት አትደብቁ። ፓስወርዱን በራሱ ስልክ ብቻ የያዘ ባለሙያ አውቃለሁ፤ ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ እየተጠራ ተከፈለው፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ድርጅትም ሆነ በሚያውቁት ድርጅቶች ዘንድ ስሙን የሚያነሳ አልተገኘም። ከተማችን ሰፊ ብትመስልም የሙያችን ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

በኋላ ኃላፊ ስሆን ከጳጉሜኑ ጉዳይ የተማርሁትን በአንድ ውል ላይ ሞከርሁት። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው፣ ባለሙያው ቢሮ ተቀምጦ ግን ሲስተሙን ሳይነካ የእኛ ልጆች ሁለት ሳምንት ብቻቸውን ካሠሩት በኋላ እንዲሆን ተስማማን። በሦስተኛው ሌሊት የቀኑ ሒሳብ መዝጊያ መሐል ላይ ቆመ። ተረኛዋ ወጣት መመሪያውን ገጽ በገጽ ተከትላ ሠራች፤ ሆኖም አልተሳካላትም፤ ምክንያቱም በመመሪያው ውስጥ አንድ እርምጃ ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር። ባለሙያው ያደረገው የጎደለውን እርምጃ በመመሪያው ላይ መጻፍ ብቻ ነው፤ ኪቦርዱን አልነካም። እሷም እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ሊነጋጋ ሲል መዝጊያውን ጨረሰችው። የርክክብ ሰነዱ ላይ በእኛ ወገን የፈረመችውም እሷ ናት።