«እየሠራሁ ነው» ለሚሉ ጀማሪ ፕሮግራመሮች

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን እመራለሁ። በቅርቡ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ሁለት ወጣቶችን ቀጥረናል፤ አንደኛው ከአጂፕ ሰፈር፣ ሌላዋ ከአጋሮ ሆነው ከየቤታቸው ይሠራሉ። በቴሌግራም «ሥራው እንዴት ነው?» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «እየሠራሁ ነው» ነው፤ ከቀናት በኋላ ግን አንድ ቦታ ላይ ተጣብቀው እንደቆዩ እደርስበታለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ስክሪናቸውን በየጊዜው ፎቶ የሚያነሣ መቆጣጠሪያ ይጫንባቸው ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መቆጣጠሪያው ይቅር። ኮድ ተከፍቶ መታየቱ ሠራተኛው መጣበቁን አይነግርዎትም፤ የሚያስተምራቸው ቢኖር ሥራ ላይ ያሉ መስሎ መታየትን ነው። እንዲህ ያለውን መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ስንፍና ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ቢሮ ቢሆን ኖሮ ፊታቸው ያሳብቅባቸው ነበር፤ በቴሌግራም ግን ጥያቄ መጻፍ አለማወቅን በፊርማ የማረጋገጥ ያህል ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ በቅድሚያ የእርስዎ አጠያየቅ ይለወጥ፤ «ዛሬ ምን ሞከርክ? ኤረሩ ምን ይላል?» ይበሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ የተጣበቀ ሰው የፈለገውን፣ የሞከረውንና የኤረሩን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ በቡድኑ ግሩፕ ላይ እንዲያስቀምጥ ይስማሙ፤ በውስጥ መስመር የተሰጠ መልስ ለሌላው አይደርስምና። እርስዎም ያልገባዎትን እዚያው ይጠይቁ፤ አለቃው ሁሉን ዐዋቂ ሆኖ በሚታይበት ግሩፕ ጀማሪ አፉን አይከፍትም።

ያላለቀ ኮድም ቢሆን ማታ ማታ ፑሽ ይደረግ (ወደ ቡድኑ የጋራ ማከማቻ ይላክ)። የኮድ ማከማቻ ድረ ገጹ ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቀው ድራፍት ፑል ሪኩዌስት (ያላለቀ ለውጥ ለእይታ የሚቀርብበት ረቂቅ) ለዚህ ይመቻል፤ ድራፍት እስከሆነ ድረስ ከዋናው ኮድ ጋር አይቀላቀልም፣ እርስዎ ግን አይተው አስተያየት መስጠት ይችላሉ። አስተያየትዎም «ይህ ልክ አይደለም» ከሚል ይልቅ «ይህ ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ) ሉፕ (ተደጋጋሚ ዑደት) ውስጥ ስለገባ፣ መቶ ደንበኛ ሲኖር ዳታቤዙን መቶ ጊዜ ይጠራል» ቢል ይማሩበታል። ነገሩ ሲረዝም ይደውሉላቸው።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ? የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የኮዱን ታሪክ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ያለ ኔትወርክም ኮሚት ማድረግ (ለውጡን እዚያው መመዝገብ) ይቻላል። ዘገዩ ብለው ከመቆጣትዎ በፊት ፑሽ የተደረገበትን ሳይሆን የኮሚቶቹን ሰዓት ይመልከቱ።

ሥራ አስኪያጅዎ ማስረጃ ከፈለጉ ድራፍቶቹን ያሳዩዋቸው፤ ከስክሪን ፎቶ የተሻለ ይናገራሉ።