መብራት በመጣ ቁጥር የሚሰወረው አምፕሊፋየር

ወንድሜ፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፕሊፋየሩ ከስልኬ አፕ ላይ ይጠፋል፤ ጠጋኙ የኔትወርክ ቦርዱ ተቃጥሏል ብሎኛል፣ ላስቀይረው?» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ታቦር አካባቢ ይኸው ጣጣ ገጥሞኝ ለቦርድ ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የኔ ዴኖን የሚባለው ብራንድ ነው። (መመሪያው ላይ «ሪሲቨር» የሚለው ይህንኑ ነው፣ የዲሹን አይደለም። እኔን አንድ ቀን ሙሉ አደናግሮኛል።) ዴኖን በቴልኔት (ከኮምፒውተር በጽሑፍ ትዕዛዝ መላኪያ መንገድ ነው)፣ በፖርት 23 ትዕዛዝ ይቀበላል። አንድ ማታ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን ዕቃዎች ሳይ፣ ሞተ የተባለው አምፕሊፋየር እዚያ ተቀምጧል፤ አይፒው (በኔትወርኩ ላይ ያለው የአድራሻ ቁጥር) ብቻ ሌላ ሆኗል። በአዲሱ አይፒ ገብቼ «ፒ ደብሊው ኦ ኤን» (PWON) የሚሉትን አራት ፊደላት ጽፌ ኢንተር ስጫን ከሆዱ ቀጭ አለና በራ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች ለማን የትኛውን አይፒ እንደሰጡ ሲነሱ አያስታውሱም፣ እንደ አዲስ ያድላሉ። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ዛሬ 192.168.1.9 ይሆናል፤ 5ን የልጆቹ ታብሌት ወስዶታል። አፑ ግን አሁንም የ5ን በር ያንኳኳል።

መፍትሔው ራውተሩ ላይ ነው። ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድለው ክፍል) ውስጥ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚለውን ፈልግና የአምፕሊፋየሩን ማክ አድሬስ (የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር) ከአንድ አይፒ ጋር እሰረው። ማክ አድሬሱን በአምፕሊፋየሩ በራሱ ሜኑ ኔትወርክ ክፍል ውስጥ ታገኘዋለህ። እግረ መንገድህን «ኔትወርክ ኮንትሮል»ን «ኦልዌይስ ኦን» አድርገው፤ አለዚያ በሪሞት ስታጠፋው ኔትወርኩም አብሮ ይተኛል።

ሳሎን ውስጥ ሁለተኛ ራውተር ጨምረህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አፑ ዕቃ የሚፈልገው ወደ 239.255.255.250 በሚላክ የመልቲካስት ጥሪ (በአንዴ ለብዙ ዕቃ የሚላክ) ከሆነ፣ ጥሪው በተለምዶ ከአንዱ ራውተር ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም። የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ አጥፋ፣ ከዋናው የሚመጣውን ኬብል ከዋን (WAN፣ የኢንተርኔት መግቢያ) ሶኬቱ ነቅለህ ላን (LAN፣ የቤት ዕቃዎች መሰኪያ) ላይ ሰካው።

ይህን ሁሉ አድርገህ እምቢ ካለ በኬብል አገናኘውና ራውተሩ ላይ የዚያን ሶኬት መብራት እይ። ኬብል ቀይረህም ካልበራ፣ ያኔ ስለ ቦርድ እናወራለን።