ባክቴሪያ መድኃኒትን «ይላመዳል»? ከጎንደር የጤና ተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሚውቴሽን በትክክል ምንድን ነው?

መልስ፦ ባክቴሪያ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የዘር መረጃውን የያዘውን ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የሚገለብጠው 4.6 ሚሊዮን ያህል የኬሚካል ፊደላትን ነው። እዚህ ጎንደር ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ግድፈት አልፎ አልፎ ይገባበታል። «ሀገር» የሚለውን «ሐገር» ብሎ ቢጽፍ ንባቡ አይለወጥም፤ «ገደፈ» የሚለውን «ገደለ» ካለው ግን ሰውየውን ነፍሰ ገዳይ አደረገው። ሚውቴሽን የምንለው እንዲህ ያለውን የዲኤንኤ ለውጥ ነው፤ በዲኤንኤም አንዳንዱ ለውጥ በዚያ መመሪያ የሚሠራውን ፕሮቲን ሳይነካ ያልፋል፣ ሌላው ያበላሸዋል፣ ጥቂቱ ደግሞ ባክቴሪያውን ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ግድፈቱ ጥቂት ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከብዛት ነው። በኢ. ኮላይ አራሚ ፕሮቲኖች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ የሚቀረው በ1,000 መከፋፈል አንድ ግድፈት ገደማ ነው። ይሁንና ሌሊቱን ባደረ አንድ ሚሊ ሊትር የማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ አዲሶቹ ግድፈቶች በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚባለው ጀርሙ መድኃኒቱን እየለመደው ስለሚሄድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እኔም ቃሉን ከልማድ የተነሣ ብጠቀምበትም አሳሳች ሆኖ አገኘዋለሁ። ባክቴሪያ በተዘራበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ አንቲባዮቲክ የተነከረ ክብ ወረቀት ስናስቀምጥ ዙሪያው ጥርት ብሎ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በዚያ ጥርት ያለ ስፍራ መካከል ሁለት ሦስት የተነጠሉ የባክቴሪያ ክምችቶች በቅለው እናያለን። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ከመቀመጡ በፊት ለውጡን የያዙ ባክቴሪያዎች ዘር ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ በ1943 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይተዋል፦ ኢ. ኮላይን በብዙ ቱቦዎች ለይተው ካሳደጉ በኋላ ባክቴሪያ ገዳይ ቫይረስ ባለበት ሳህን ላይ ዘሩት። ለውጡን ያመጣው ቫይረሱ ቢሆን ኖሮ የተረፉት ቁጥር ከሳህን ሳህን ተቀራራቢ በሆነ ነበር፤ ሆኖም አንዳንዱ ሳህን ባዶ ሲሆን ሌላው ከመቶ በላይ አበቀለ፣ ምክንያቱም ግድፈቱ በአንዱ ቱቦ ቀደም ብሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ተከሥቶ ነበር።

ጥያቄ፦ የመቋቋሚያ ጂን፣ ማለትም መድኃኒትን ለመቋቋም የሚያስችል የዲኤንኤ ክፍል፣ ከሌላ ባክቴሪያስ አይወሰድም?

መልስ፦ በብዙዎቹ ይወሰዳል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን የሚቋቋመው በራሱ ሚውቴሽን ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ የጀመረው የቲቢ እንክብል አራት መድኃኒት የያዘ ነው፤ አንዱ አይበቃም ነበር?

መልስ፦ አይበቃም። ከአራቱ ሁለቱን ብንወስድ፣ አይሶናያዚድን የሚቋቋም ባክቴሪያ ከሚሊዮን አንድ፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከመቶ ሚሊዮን አንድ ገደማ ይገኛል፤ ሁለቱን በአንድነት የሚቋቋመውን ለማግኘት ቁጥሮቹ ስለሚባዙ፣ ውጤቱ በአንድ ሕመምተኛ ሳንባ ውስጥ ካለው የባክቴሪያ ብዛት እጅግ ይበልጣል። አጎትዎ ከሁለት ወር በኋላ በእነዚሁ በሁለቱ ብቻ አራት ወር የሚቀጥሉት፣ ያን ጊዜ የቀረው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሚሆን ነው።