ጥያቄና መልስ፦ ማሽን የጻፈውን ኮድ ማን ያርመው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በፓይተን በሚሠራ ትንሽ ቡድን ውስጥ ፕሮግራመር ነኝ። በቅርቡ ራፍ የተባለውን የኮድ ስታይል መመርመሪያ አስገባን። ገና ስናስኬደው 1,900 ገደማ ስህተት አወጣ። አብዛኛው ያለው ፕሮቶባፍ (ፕሮቶኮል ባፈር፦ ፕሮግራሞች የሚለዋወጡት መልእክት ቅርጽ ሲነገረው ኮዱን የሚጽፍ መሣሪያ) ራሱ በሚያመነጫቸው ፋይሎች ውስጥ ነው። አንድ ባልደረባዬ «የመስመር ርዝመት ደንቡን ጭራሽ እናጥፋው» ይላል። እኔ ደግሞ ፎልደሩ እንዲዘለል ኮንፊጉ (የራፍ ማስተካከያ ፋይል) ላይ ጻፍኩ። በእጄ ሳስኬደው ጸጥ ይላል። ኮሚት ስናደርግ (ለውጣችንን ስንመዘግብ) የተቀየሩትን ፋይሎች የሚያስመረምረው የራሳችን ስክሪፕት ግን ያንኑ ስህተት ያወጣል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም። ራፍ የፋይል ስም በቀጥታ ሲሰጠው፣ ዝለለው የተባለውንም ፋይል ይመረምራል። «ይህን ፋይል መርምር ብለሽኛልና ይኸው» ነው ነገሩ። ስክሪፕታችሁ ስሞቹን አንድ በአንድ ስለሚያቀብል ክልከላሽ አይታይም። ኮንፊጉ ላይ ፎርስ-ኤክስክሉድ የሚለውን ትሩ አድርጊው፤ ያኔ በየትኛውም መንገድ ቢጠራ ይዘላል።

እግረ መንገድሽን አንድ ነገር እዪ። ፎልደሩን የጻፍሽው ኤክስክሉድ በሚለው ሥር ከሆነ፣ ራፍ ከመጀመሪያው የሚዘላቸውን እንደ ኖድ ሞጁልስ ያሉ ፎልደሮች ዝርዝር በሙሉ ተክተሽዋል። ኤክስቴንድ-ኤክስክሉድ የሚለው ግን ያንን ሳይነካ ይጨምርልሻል። አንቺ የምትፈልጊው ይህን ነው።

ባልደረባሽን ግን እሺ አትበዪው። ከፋይሎቹ አንዱን አብራችሁ ክፈቱት። አናቱ ላይ የፕሮቶኮል ባፈር ኮምፓይለር እንደፈጠረውና እንዳይነካ የሚያስጠነቅቅ ኮሜንት ታያላችሁ። ዝቅ ስትሉ ደግሞ መጨረሻው የማይታይ አንድ መስመር አለ፤ የመልእክቱ ሙሉ መግለጫ በባይት ተጨፍልቆ የተቀመጠበት ነው። ያንን መስመር ማንም አያነበውም። ለእሱ ብላችሁ ደንቡን ካጠፋችሁ ግን፣ ነገ ባልደረባሽ 300 ፊደል ያለው መስመር ሲጽፍ የሚናገረው አይኖርም። የስታይል ደንብ የተሠራው ኮዱን ለሚያነብ ሰው ነው።

በእጅ ማረሙንም አትሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ እንዲህ ያለ ፋይል ሳስተካክል ዋልኩ፣ በየመስመሩ የ«እለፈው» ምልክት ሳይቀር አስገባሁ። በማግስቱ አንድ ባልደረባ አዲስ ፊልድ ጨምሮ ፋይሉን እንደገና አመነጨው። የለፋሁበት ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ከዚህ የባሰው ክልከላውን ማስፋት ነው። በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት የመነጨው ኮድና በእጅ የተጻፈ አንድ አጋዥ ፋይል በአንድ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ፎልደሩን ጠቅልለን አገድነው። አጋዡ ፋይል ውስጥ ኢምፖርት ያልተደረገ ስም ነበር፤ መመርመሪያው በሰከንድ የሚይዘው ዓይነት። እኛ ያገኘነው ፕሮግራሙ ተጠቃሚ እጅ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የመነጨውን ለብቻው ፎልደር ስጡት፣ በእጅ የተጻፈ ነገር እዚያ አይግባ፣ ከዚያ ያንን ፎልደር ብቻ አግዱ።

በጎ ቋንቋ የሚሠሩ ጓደኞች ካሉሽ ሥራቸው ቀለል ይላል። እዚያ የመነጨ ፋይል አናቱ ላይ የሚጻፈው መስመር አንድ ወጥ ቅርጽ ስላለው፣ መሣሪያዎች እሱን አይተው ፋይሉን መለየት ይችላሉ። ሲ ሻርፕም ለዚሁ የራሱ ምልክት አለው። ራፍ ግን ያንን ኮሜንት አይቶ አይዘልልሽም፣ ቦታውን አንቺው መንገር አለብሽ።

ፎልደሩ ከስታይል ምርመራ ወጣ ማለት ግን ማንም አያየውም ማለት አይደለም። ሲአይ (ለውጥ ሲገባ ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ ሥርዓት) ላይ ፋይሎቹን እንደ አዲስ አመንጩና ሪፖው (የኮድ ማከማቻችሁ) ውስጥ ካሉት ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነት ካለ ቢልዱ ይውደቅ። አንድ ሰው በእጁ ነካክቷቸው ከሆነ ወይም ማመንጨቱን ረስቶት ከሆነ እዚያው ይያዛል።