ጦሳን አይታችሁ ውጡ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቅየሳ ሥራ ነው። ለመንገድም ሆነ ለውኃ መስመር ልኬት የወሎን ዳገትና ቁልቁለት በእግሬ ዞሬዋለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ደሴ ተቀምጬ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት ጉብታዎች ወደ አንዷ እወጣለሁ። ትንሽ ጉብታ ናት፤ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ጓሮ እስከ አናቷ በእኔ እርምጃ እንኳ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። ቅዳሜና እሁድ ብዙዎቻችሁን እዚያው መንገድ ላይ አገኛችኋለሁ፣ ማየቱም ደስ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ትንሽነቷን አምናችሁ፣ ሰማዩን ቀና ብላችሁ ሳታዩ፣ በስስ ካናቴራና በሸራ ጫማ ስትወጡ አይቼ ስለሰጋሁ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተከብባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዝዋ ወዲያ ምድሩ እየወረደ እየወረደ እስከ አፋር ቆላ ይዘልቃል። ከዚያ ወገን የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ተከትሎ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የተሸከመው እንፋሎት ጉም ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጉሙ ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ እዚሁ ዓይናችን ሥር የሚፈጠር ነው፣ ድንገት ደረሰብን የምንለውም ለዚህ ነው። ከፍታ ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ከኮምቦልቻ ስትመጡ የሐረጎን ዳገት መውጣት ስትጀምሩ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ በአንድ የሚኒባሱን መስኮት ሲዘጋ አይታችኋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወጥታችኋልና ሦስትና አራት ዲግሪ ብርድ ተጨምሯል ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የበልግን ወራት ተጠንቀቁ። ክረምት ሐሳቡን አይደብቅም፤ ከሰኔ ጀምሮ እንደሚዘንብ እናውቃለን፣ ተዘጋጅተንም እንወጣለን። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን ጠዋት ብራ የነበረው ቀን ቀትር ላይ ይደምናል፣ ካፊያ ያወርዳል፣ ፀሐይ ይመልሳል፣ ከዚያም ሳይታሰብ በረዶ ይጥላል።

በሥራ ዘመኔ በአየር ግፊት የሚሠራ የከፍታ መለኪያ ከቦርሳዬ አይጠፋም ነበር። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ምልክት ያደረግሁበት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አነብበዋለሁ፤ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ ተመልሼ በዚያው ድንጋይ ላይ ሳነብበው ሃያ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ድንጋዩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ በሐሩር ክልል የአየር ግፊት በየቀኑ ረፋድ ላይ ከፍ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ዝቅ ስለሚል መርፌው ያንን ተከትሎ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ መሣሪያው ከፍታ የጨመረ ይመስለዋል። ቀያሽ የጠዋቱን ንባብ ይዞ የማታውን ሥራ ከሠራ ይሳሳታል። እናንተም ከቤት ስትወጡ ያያችሁት ሰማይ የዚያች ደቂቃ ሰማይ ብቻ ነውና፣ በየመቶ እርምጃው ቆም ብላችሁ ወደ ጦሳ አናትና ወደ አዝዋ ወገን ተመልከቱ። የከተማችንንም ስም ያወጡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው እንደሆነ ይነገራል፤ ቀና ብሎ ማየት ለደሴ ልጅ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

ይህን የምለው በገዛ ጥፋቴ ተምሬ ነው። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ሳለሁ፣ በሚያዝያ ወር፣ ከአንዲት ጉብታ ላይ የሁለት ነጥብ ልኬት ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ሜትር የሚይዙልኝ ረዳቴ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል በነፋስ ተገልብጦ ነጣ ሲል አሳዩኝና እንድንወርድ ለመኑኝ። እኔ ግን ለሁለት ነጥብ ነገ ይህን ሁሉ ዳገት አልደግምም ብዬ እንቢ አልኩ። ዝናቡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ስንወርድ ዋልካው ከጫማችን ሥር ተለጥፎ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር፤ እርሳቸው የእኔን የመሣሪያ ሳጥን ተሸክመው ሳለ ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ሳጥኑን አልለቀቁትም ነበር። እርሳቸውን ሐኪም ቤት አድርሼ የመስክ መዝገቤን ስከፍተው በእስክሪብቶ የጻፍኩት ሁሉ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል፤ የቀረልኝ በእርሳስ የጻፍኩት ገጽ ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ ላተርፍ ብዬ የቀኑን ሥራ አጣሁ፤ የሰውየው ክንድ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። በማለዳ ውጡ፣ ከቀትር በፊት ውረዱ። መብረቅ ሲበርቅ እስኪያጓራ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና፣ ሠላሳ ሳትሞሉ ከሰማችሁ ወዲያው ከአናቱ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። ጉም ከያዛችሁ አቋራጭ አትፈልጉ፤ በወጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፣ መንገዱ ከጠፋችሁም ገደል ባለበት አገር ከመንከራተት እስኪገልጥ ቁጭ ማለት ይሻላል። ቁልቁለቱን በጠባብ እርምጃ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ፣ ጠመዝማዛ ይዛችሁ ውረዱት። ብርድ ልብስ ተሸከሙ አልልም፤ አንድ ሹራብና ስልካችሁን የምትጠቀልሉበት ፌስታል ይበቃል።

መመለስ ግን ከሁሉም ይከብዳል። አናቱ ቅርብ ሲሆን፣ ጓደኛ ፊት ሲሆን፣ ይበልጥ ይከብዳል። ባለፈው ሳምንት እኔኑ ፈትኖኛል። ከአናቷ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት አገኘሁ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ በመቀነታቸው ጫፍ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ «አባቴ፣ አዝዋ ጉም እየተፋ ነው፤ ዛሬስ ይቅርብዎ» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ ገደሉ ጠፍቷል፤ ጉሙ የከተማውን የምሥራቅ ጣሪያዎች መሸፈን ጀምሯል። አመስግኛቸው አብረን ወረድን። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ጋ ስንደርስ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ተጠለልን፣ ሩብ ሰዓትም ሳይሞላ ፀሐይ ወጣና ጉብታዋ ታጥባ ቁልጭ ብላ ታየች።

ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ በማስታወሻዬ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ሚያዝያ፣ ጠዋት ብራ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ጉም ከምሥራቅ። በረዶ። መቶ እርምጃ ሲቀር ተመለስኩ።»