መልስ፦ ሳን ጂሚኛኖን ደርሶ መልስ ወይስ አድሮ?

ሰላም እህቴ። በጣሊያን ኮረብታ ላይ ያለችውን የሳን ጂሚኛኖ ከተማ ከፍሎረንስ ደርሶ መልስ ማየት ይበቃል ወይስ ማደር ይሻላል ብለሽ ጠይቀሻል። ደርሶ መልስም ይቻላል፤ ከተማዋ ትንሽ ናት። ግን ከቻልሽ እደሪ። ቀን ላይ መንገዱ በጎብኚ ይጨናነቃል፤ አመሻሽ ላይ ሰዉ ሲበተን ነው ከተማዋ የምታምረው።

ባቡር ኮረብታው ላይ አይወጣም። በአቅራቢያዋ እስካለችው ፖጂቦንሲ ከተማ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው።

ከሩቅ የሚታዩሽን የድንጋይ ማማዎች የሠሯቸው በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ባለጸጋ ቤተሰቦች ናቸው። አንዱ ከሌላው በልጦ ለመታየት ወደ ላይ ይገነባ ነበር። 70 ገደማ እንደነበሩ ይነገራል፤ ዛሬ 14 ያህሉ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1348 ወረርሽኝ ከተማዋን አደቀቃት፤ በ1353 ደግሞ በፍሎረንስ ሥር ገባች። እኔ እንደሚመስለኝ የድሮ መልኳን ያተረፈላት ያ ድህነት ነው፤ አፍርሶ የሚገነባ ሰው ጠፋ። ቶሬ ግሮሳ የሚባለው ማማ 54 ሜትር ነው፤ ጉልበትሽ ደህና ከሆነ ውጪበት።

ኮሌጃታ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ግን በፍጹም እንዳታልፊው! አንዱ ግድግዳ ብሉይ ኪዳንን፣ ፊት ለፊቱ ያለው አዲስ ኪዳንን በሥዕል ይተርካል። ሔዋን ከአዳም ጎን ስትወጣ፣ የፈርዖን ሠራዊት ባሕር ውስጥ ሲሰጥም ታያለሽ። ቀስ ብለሽ እዪው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሺ።

ፒያሳ ዴላ ቺስተርና የሚባለው አደባባይ ላይ ስትደርሺ የውሃ ጉድጓዱን አፍ ጠጋ ብለሽ ተመልከቺ፤ የመቅጃው ገመድ ድንጋዩን ቦርቡሮታል። ጫማሽ ደግሞ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ መንገዱ ዳገትና ድንጋይ ነው።