ሐዲድ ፊት ስትደርሱ፦ አሜሪካ ላሉ የትራክና የባስ ሹፌሮች ጥያቄና መልስ

ጋሽ ጎማ፦ ሰላም ለናንተ። መጋዘን በር ላይ ተገትሬያለሁ፤ እስኪጭኑኝ ሁለት ሰዓት አላጣም። ስለ ባቡር ማቋረጫ በግል የምትጠይቁኝ በዝታችኋልና እዚሁ ጠይቁ። 18 ዓመት ነድቻለሁ፣ አዳዲስ ልጆችም አሰለጥናለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም።

አዲሱ ሲዲኤል፦ ጋሼ፣ ድራይ ቫን (ዝግ ሳጥን ትሬለር) ነው የምነዳው። ሐዲድ ባየሁ ቁጥር ልቁም?

ጋሽ ጎማ፦ የለብህም። ግን ፍጥነት ቀንሰህ፣ ባቡር እንደሌለ አረጋግጠህ ነው የምታልፈው። የግድ የሚቆሙት ተሳፋሪ የጫነ ባስ፣ የአደገኛ ዕቃ ቦቴ እና ፕላካርድ (የአደገኛ ዕቃ ምልክት) የለጠፈ መኪና ናቸው። ሕጉ የፕላካርድ ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ እኔ ግን ማንኛውም ከተለጠፈ እቆማለሁ። ስትቆሙ ከሐዲዱ ከ50 ጫማ አትርቁ፣ ከ15 ጫማ አትቅረቡ። ሐዲድ ላይ ማርሽ አትቀይሩ።

ሜሪላንድ ባስ፦ የተማሪ ባስ ነው የምነዳው። ልጆቹን አውርጄ ባዶዬን ስመለስስ?

ጋሽ ጎማ፦ እህቴ፣ የፌዴራሉ ሕግ የሚለው ተሳፋሪ ለጫነ ነው። የስቴትና የድርጅት ሕግ ግን ሊለይ ይችላል፤ አለቆችሽን ጠይቂ። እስክታውቂ ቁሚ።

ቦቴ ነጂው፦ ታንከሩ ባዶ ከሆነ መቆም አያስፈልግም አይደል? ነዳጁን አራግፌያለሁ እኮ።

ጋሽ ጎማ፦ ያስፈልጋል። ሕጉ «የተጫነም ባዶም» ይላል።

ሲያትል፦ ልክ አይደለም። ጓደኛዬ ታንከር ይነዳል፣ ቆሞ አያውቅም።

ቦቴ ነጂው፦ ምን ይጭናል?

ሲያትል፦ ወተት።

ጋሽ ጎማ፦ ወተት አይፈነዳም ወንድሜ። ቀጣይ።

ዳላስ፦ ጋሼ፣ ከሐዲዱ ማዶ ወዲያው የትራፊክ መብራት አለ። ቀይ ሲሆን ጭራዬ ሐዲድ ላይ ይቀራል። ምን ይሻላል?

ጋሽ ጎማ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ማዶ ጭራህ የሚያርፍበት ቦታ ካላየህ አትግባ። በቃ። ከኋላህ ጥሩምባ ይንፉ፣ ይሳደቡ፣ ከሐዲዱ ወዲህ ቁም። በፌዴራል ሕግም ክልክል ነው፤ ሳትቆም ሙሉ በሙሉ የምታልፍበት ቦታ ከሌለ መግባት የለም።

እስቲ አስሉት። 53 ጫማ ትሬለር ከነትራኩ ከ70 ጫማ ያልፋል። ባቡሩ ደግሞ ሐዲዱን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በሁለቱም ጎን ቢያንስ 3 ጫማ ወጣ ይላል። «ጎማዬ አልፏል» ያለ ሰው መከላከያውን ረስቷል። የሲዲኤል (የትራክና የባስ መንጃ ፈቃድ) መማሪያው አንድ ሐዲድ ለማለፍ ቢያንስ 14 ሰከንድ፣ ሁለት ከሆነ ከ15 በላይ ይላል። ከልባችሁ ቁጠሩት፤ ረጅም ነው።

1995 ኢሊኖይ፣ ፎክስ ሪቨር ግሮቭ። የተማሪ ባስ ሐዲዱን አልፎ ቀይ መብራት ላይ ቆመ። ጭራው ግን አላለፈም። ባቡሩ መታው፣ 7 ተማሪዎች ሞቱ። ሹፌሯ ያለፈች መስሏት ነበር። ሳሰለጥን መጀመሪያ የምናገረው ይኼን ነው። ከመግባታችሁ በፊት ማዶውን እዩ።

የድሬ ልጅ፦ ባቡር ለኛ አትንገሩን፤ ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። በፈረንጆቹ 1902 ገብቷል!

አራዳው፦ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ነው። 15 ዓመት ድሬ ቁጭ ብሎ ጫት ሲቅም ነበር እንዴ?

የድሬ ልጅ፦ አላስለቅቅ ብለነው ነው።

ጋሽ ጎማ፦ ድሬን እወዳታለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ።

ኮሎምበስ፦ ሐዲድ ላይ ምንድነው የሚደረገው?

ጋሽ ጎማ፦ ምን እየነዳህ? ምን ጭነህ? እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ከላይ አንብብ።

ሎውቦይ፦ ሐዲዱ እንደ ጉብታ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆዴ ቢይዝብኝስ?

ጋሽ ጎማ፦ ሎውቦይ (ሆዱ ለመሬት የቀረበ ትሬለር)፣ መኪና ጫኝና የቤት ዕቃ ትሬለር የምትነዱ ይኼን አንብቡ። ላንዲንግ ጊሩ (ትሬለሩ ሲቆም የሚደግፈው እግር) ዝቅ ያለ ትሬለርም እንደዚሁ። ቢሎክሲ፣ ሚሲሲፒ፣ 2017 ላይ የቱሪስት ባስ እንዲህ ጉብታ ላይ ሆዱ ያዘ። ባቡር መጣ፣ 4 ሰው ሞተ።

ከያዘህ ከመኪናው ውጣ። ዕቃ አትፈልግ፣ ዲስፓቸር (ሥራ የሚመድብልህን ሰው) አትጥራ። ከሐዲዱ ራቅ፤ ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሐዲዱ በሰያፍ እየራቅህ፣ ባቡሩ ብቅ ወዳለበት ወገን ሩጥ። ስብርባሪው የሚበተነው ወደ ፊት ነው። ከዚያ ማቋረጫው ላይ ያለውን ሰማያዊ ሰሌዳ ፈልግ። የባቡር ድርጅቱ ስልክና የማቋረጫው ቁጥር አለበት፤ 6 አሃዝና አንድ ፊደል። እሱን ስትነግራቸው ባቡር ያስቆማሉ። ሰሌዳውን ካጣህ 911። ከባድ የጭነት ባቡር በ55 ማይል ሲሮጥ ለመቆም አንድ ማይል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ሹፌሩ አይቶህ ቢሆን እንኳ አይደርስልህም። ስለዚህ ወጥተህ ከራቅህ በኋላ መጀመሪያ ስልኩ።

ዴንቨር፦ ቲኬት ብበላስ? ጠበቃ ያወጣኛል?

ጋሽ ጎማ፦ ጠበቃን ጠበቃ ጠይቅ። እኔ የማውቀው ከተፈረደብህ ሲዲኤልህ ቢያንስ 60 ቀን ይታገዳል። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ከሆነ 120 ቀን፣ ሦስተኛ ከሆነ አንድ ዓመት። የትራክህ ወርሃዊ ክፍያ ግን አይታገድም።

አራዳው፦ አሁን የሎድ (የጭነት) ክፍያ በማይል ስንት ነው?

ጋሽ ጎማ፦ የዛሬው ሐዲድ ነው።

ሚኒያፖሊስ፦ ማቋረጫው ላይ «ኤግዜምፕት» (ከግዴታ ነፃ) የሚል ሰሌዳ ካለስ?

ጋሽ ጎማ፦ የግዴታው መቆም ይቀራል። ማየት አይቀርም። ማርሽም አትቀይሩ።

አዲሱ ሲዲኤል፦ የኔ ኦቶማቲክ ነው ጋሼ።

ጋሽ ጎማ፦ እንግዲያው እጅህ ስልክ ላይ እንዳይሄድ። የመጋዘኑ በር መብራት አረንጓዴ በራልኝ፣ መሄዴ ነው።

አትላንታ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ታንከሩ ባዶ ከሆነስ?

ቦቴ ነጂው፦ ወንድሜ ቁም። ሄዷል፣ ደግሞ አትጥራው።